ነጭ በነጭ ላይ

ጥቅምት 3

የቢሮው ምንጣፍ ዛሬም እርጥብ ነው። ከላይ ያለው ቱቦ ያንጠባጥባል፣ አለቃችን ባልዲ አስቀመጠበት፣ ባልዲው ሞልቶ ፈሰሰ... ይኸው ሦስተኛ ሳምንቱ። የረጠበ ውሻ ሽታ። ከሰዓት በኋላ ፀሐይ ሲገባ ይብሳል።

አለቃችን ደግሞ የሱፍ ፍሬ ይፈለፍላል፣ ቅርፊቱን ኪቦርድ ላይ ይተፋል። የራሱ ላይ ቢሆን ምን ገዶኝ! የእኔ ላይ ነው፣ ትከሻዬ ላይ ቆሞ ስክሪኔን እያየ። እሱ በሌለበት "ቁጥር አንድ" ነው የምንለው። ለመጣ ደንበኛ ሁሉ "የኢንተርኔት መፈለጊያው ላይ ቁጥር አንድ እናደርግዎታለን" ስለሚል። ፀጉር ቤት ይሁን፣ የሬሳ ሣጥን ሻጭ ይሁን፣ ሁሉም ቁጥር አንድ ናቸው።

አዲስ ደንበኛ መጣ። የጥርስ ሐኪም። ስልሳን ያለፉ፣ ረጅም፣ ጫማቸው የተወለወለ። የክሊኒካቸውን ፎቶዎች በካኪ ፖስታ ይዘው መጡ። ስጨብጣቸው እጃቸው ቅርንፉድ ቅርንፉድ ሸተተኝ።

"ልጄ፣ ሰው ስልኩን ከፍቶ የጥርስ ሐኪም ሲፈልግ እኔን አያገኘኝም" አሉኝ። "ሠላሳ ሁለት ዓመት እዚያው ሕንፃ ላይ ነኝ። ምን ጎድሎኝ ነው?"

መልስ ልሰጣቸው አፌን ስከፍት ቁጥር አንድ ቀደመኝ። "በአንድ ወር!" አላቸው።

ወደድኳቸው። ሰውየው ጥያቄ ጠይቀው መልስ የሚጠብቁ ዓይነት ናቸው።

ጥቅምት 5

የሐኪሙን የድሮ ድረ ገጽ ከፈትኩት። ጉድ ነው። ጽሑፉ በሙሉ ፎቶ ነው። የሆነ ሰው ባማረ ፊደል ጽፎ፣ ፎቶ አድርጎ ለጥፎታል። ለሚያይ ሰው ይነበባል። መፈለጊያው ግን ዓይን የለውም፣ የሚያነበው ኮዱ ውስጥ ያለውን ፊደል ነው። ለእሱ ይሄ ገጽ ባዶ ወረቀት ነው። አምስት ገጽ አላቸው፣ የአምስቱም ርእስ "መነሻ"። ፎቶዎቹ ደግሞ እንደ ድንጋይ የከበዱ፣ አንዱ ተከፍቶ እስኪያልቅ ሰው ተሰላችቶ ይሄዳል።

የሚስተካከል ነገር ነው። እንዲያውም ደስ አለኝ። ጽሑፉን ጽሑፍ ማድረግ። ለየገጹ የራሱን ርእስ መስጠት። ፎቶው ምን እንደሚያሳይ ከኋላው፣ ኮዱ ውስጥ፣ በአጭሩ መጻፍ። ማቅለል። ሦስት ሳምንት ሥራ፣ ከዚያ መጠበቅ።

ለቁጥር አንድ ነገርኩት።

"መጠበቅ?" አለ። "ስንት?"

"ሁለት ወር፣ ሦስት ወር..."

"አንቺ፣ ትዕግሥት ነው እንዴ የምንሸጠው?"

በየሰፈሩ ስም ገጽ አውጪ አለኝ። ቃላቱንም ደብቂበት። ሌላው ሁሉ እንደዚያ ነው የሚሠራው፣ አንቺ ብቻ ነሽ እንደ አስተማሪ የምትሆኚው። ይሄን ሲል የሱፍ ቅርፊት ከንፈሩ ላይ ተጣብቆ ነበር። እሱን እሱን ሳይ ምን እንደመለስኩ አላስታውስም።

ጥቅምት 9

ስልሳ ሁለት ሰፈር። ዝርዝሩን ራሱ በወረቀት ጻፈልኝ። ወረቀቱ ላይ የዘይት እድፍ አለ።

አንድ ገጽ ሠራሁ፣ ከዚያ የሰፈሩን ስም ብቻ እየቀያየረ ስልሳ ሁለት የሚያወጣ ኮድ ጻፍኩ። "በወፍጮ ቤት አካባቢ የሚገኘው ቅርንጫፋችን በክብር ይቀበልዎታል።" "በአሮጌው ገበያ አካባቢ የሚገኘው ቅርንጫፋችን በክብር..." ኮዱ አሥራ አንድ መስመር ነው። ስልሳ ሁለት ውሸት በአሥራ አንድ መስመር።

"ቅርንጫፍ አላቸው እንዴ?" ብዬ ጠየቅኩት።

"ሊከፍቱ ያስባሉ።"

"አሉህ?"

"የማያስብ ማን አለ?"

ሳቀ። እኔም ሳቅኩ። ለምን ሳቅኩ?

ከገጾቹ ግርጌ ነጩ ጽሑፍ አለ። ነጭ ፊደል በነጭ መደብ ላይ። ሰው አያየውም፣ መፈለጊያው ግን ያነበዋል። "የጥርስ ሐኪም ርካሽ የጥርስ ሐኪም ምርጥ የጥርስ ሐኪም ያለ ሕመም ጥርስ ነቀላ ርካሽ ጥርስ ነቀላ..." ሦስት መቶ ጊዜ። ከፎቶዎቹም ኋላ እንደዚሁ። ከወንበሩ ፎቶ ኋላ "ርካሽ ጥርስ ነቀላ"። ከሐኪሙ ከራሳቸው ፎቶ ኋላ "ርካሽ ጥርስ ነቀላ"።

እምቢ ማለት እችል ነበር? እችል ነበር። ባለፈው ዓመት በአንድ ሆቴል ገጽ እምቢ ብዬ አምስት ሳምንት አኩርፎኝ ከረመ። ከመከራከር መሥራት ይቀላል... ይኸው ነው ምክንያቴ። ሌላ የለኝም።

ጥቅምት 10

እጄን ሦስት ጊዜ ታጠብኩ። ምንም አልነበረበትም።

ጥቅምት 21

ሐኪሙ በአርባ ሰፈር አንደኛ ወጡ። ቁጥር አንድ ኬክ ገዝቶ መጣ። እርጥቡ ምንጣፍ ላይ ቆመን በላን። ክሬሙ ላንቃዬ ላይ እንደ ሻማ ተለጥፎ ቀረ።

ሐኪሙ ደውለው አመሰገኑ። "ስልኩ አላርፍ አለ፣ ልጆቼ፣ ኑሩልኝ" አሉ፣ ድምፃቸው ከስፒከሩ ወጥቶ ቢሮውን ሞላው። ቁጥር አንድ በአውራ ጣቱ ወደ እኔ እያመለከተ "የእሷ እጅ ነው!" አላቸው።

ግማሹን ኬክ በሶፍት ጠቅልዬ ጣልኩት።

ጥቅምት 24

የታላቅ እህቴ የእትዬ ጉንጭ አብጧል። ከትናንት ወዲያ ጀምሮ በአንድ ጎን ነው የምታኝከው፣ ዝም ብላ። እናታችን ስትነግረን፣ በአራት ዓመቷ ኩፍኝ ዓይኗን ሲወስድባት እንኳ አላለቀሰችም። ለጥርስ ልታለቅስ ነው?

"ሐኪም ቤት እንሂድ" አልኳት።

"ነገ ይተወኛል።"

"ትናንትም ነገ ብለሻል።"

"ጩጬ፣ አፉ የእኔ ነው።"

ሠላሳ ሦስት ዓመቴ ነው፣ አሁንም ጩጬ ነኝ። ዘጠኝ ዓመት ስለምትበልጠኝ እናቴም የሆነች ይመስላታል። ሆናለችም። ቅዳሜ ከሥራ ስወጣ እወስድሻለሁ አልኳት። "እስከ ቅዳሜ ማን ይጠብቃል? ስልክ አለኝ፣ አፍ አለኝ፣ ጠይቄ እሄዳለሁ" አለች። ሃያ ዓመት የመሥሪያ ቤት ስልክ ስታቀባብል የኖረች ሴት ናት፣ የማታገኘው ሰው የለም። አፏን ግን መክፈት አቅቷት በጥርሶቿ መሃል ነው የተናገረችው። ሳቅን።

ጥቅምት 26

ረፋዱ ላይ የማላውቀው ቁጥር ደወለ። "ጎሚስታ ነኝ፣ ወፍጮ ቤቱ ጋ ጎማ የምጠግን። እህትሽ እኔ ጋ ናት፣ አትደንግጪ።"

ወፍጮ ቤቱ ጋ ሲል ገና ከወንበሬ ሳልነሳ ገባኝ።

እትዬ የጎማ ቁልል ላይ ተቀምጣለች። ከጉልበቷ በታች ጥቁር በጥቁር። ክዳኑ የተነሳ የፍሳሽ ቦይ ውስጥ ነው የገባችው። ጎሚስታው በጄሪካን ውሃ እግሯን ያጥባል። ዝቃጩ ግን ሹራቧ ድረስ ደርሷል... የተቃጠለ ዘይት፣ የበሰበሰ ቅጠል፣ ሌላም ስሙን የማልጽፈው ነገር። በትሯ ሁለት ቦታ ተሰብሯል። ጉንጯ ኳስ አክሏል።

"ስልኬ ነው ያመጣኝ" አለችኝ። "ለሥራ ቦታሽ ቅርብ የሆነ ቅርንጫፍ አለ ብሎ። ታክሲው አወረደኝ። ብጠይቅ፣ ብጠይቅ የሚያውቅ የለም። ዞርኩ፣ ዞርኩ..."

ጎሚስታው ቀና አለ። "እዚህ የጥርስ ሐኪም ኖሮም አያውቅ፣ እህቴ። ሰዉ ግን ስልኩን ይዞ ይመጣል። በዚህ ሳምንት እሷ አራተኛዋ ናት።"

አራተኛ።

"ይገርማል" አልኩ። ይገርማል!

ታክሲ ውስጥ ሹፌሩ መስኮቱን ከፈተ። እትዬ ገባት። አንገቷን ደፋች። አንገቷን ስትደፋ አይቻት አላውቅም።

ሆስፒታል ድንገተኛ ክፍል ወሰድኳት። መግሉን አወጡ፣ ጥርሱንም ነቀሉ። ሳህኑ ላይ ያረፈውን አየሁት፣ ቢጫና አረንጓዴ። እሱ አላቅለሸለሸኝም።

ጥቅምት 27

አፏ ውስጥ ጥጥ አለ። በጥጡ መሃል "ነይ፣ አንድ ነገር ስሚ" አለችኝ።

ስልኳ የተጻፈውን ሁሉ በድምፅ ያነብላታል። እሷ በጣም አፍጥና ነው የምትሰማው፣ ለእኔ ጆሮ የንብ ጩኸት ነው። ለእኔ ብላ አዘገየችው። ገጹን ከፈተች። የእኔን ገጽ።

"በወፍጮ ቤት አካባቢ የሚገኘው ቅርንጫፋችን በክብር ይቀበልዎታል።" ከዚያ ነጩ ጽሑፍ መጣ። ሰው አያየውም ብዬ የጻፍኩት። ስልኩ ነጭና ጥቁር አይለይም። አነበበው።

"የጥርስ ሐኪም ርካሽ የጥርስ ሐኪም ምርጥ የጥርስ ሐኪም..." ያ የማይደክመው የሴት ድምፅ። አላቆም አለ። አምስት ደቂቃ? ስድስት? እትዬ አላቋረጠችውም፣ እጇን ጉልበቷ ላይ አድርጋ ተቀምጣለች። እኔ ቆሜያለሁ። ከዚያ ፎቶዎቹ መጡ። "ፎቶ፣ ርካሽ ጥርስ ነቀላ። ፎቶ፣ ርካሽ ጥርስ ነቀላ።"

"ያን ዕለት ጠዋት ይሄን ሁሉ ሰማሁ" አለች። "ጥርሴ እየጠዘጠዘኝ። መጨረሻው ላይ ስልክ ቁጥር አይጠፋም ብዬ። ደውዬ ልጠይቅ። የለም።"

አለ። ስልክ ቁጥሩ አለ። ፎቶው ላይ ነው። ከፎቶው ኋላ የጻፍኩት ግን "ርካሽ ጥርስ ነቀላ" ነው።

"ማን ነው እንዲህ የሚያደርግ?" አለችኝ።

"ማሽን ይሆናል" አልኳት።

"ይሻላል። ሰው ቢሆን ያስጠላ ነበር።"

ጥቅምት 28

ማሽን ይሆናል አልኳት። ፊቷን እያየሁ።

ጥቅምት 29

ቁጥር አንድ ጋ ገባሁ። በእነዚያ ገጾች የተነሳ ሰው ቦይ ውስጥ ወድቋል አልኩት። "ማን?" አለኝ። አንዲት ሴት አልኩት። እህቴ አላልኩም። እሷን እሱ አፍ ውስጥ ማስገባት ቀፈፈኝ።

"መንገድ ላይ ሲሄድ የማይወድቅ አለ?"

"ቅርንጫፍ ፍለጋ ሄዳ ነው። የሌለ ቅርንጫፍ።"

"ካላገኘች መደወል ነዋ! ደንበኛ ማለት እኮ የሚደውል ሰው ነው።"

እናጥፋቸው አልኩት። "ብናጠፋቸው ከአንደኝነት ይወርዳሉ። ደግሞ ደንበኛው ቅር አላቸው? አላላቸውም።" የጥርሱን መሃል በቢዝነስ ካርድ ጫፍ ጎረጎረ። የራሱ ካርድ ነው። ካርዱን መልሶ ኪሱ ከተተው። ነገ ለሆነ ሰው ይሰጠዋል።

ደንበኛው ቅር ይላቸው እንደሆነ እኔው ሄጄ እጠይቃለሁ።

ኅዳር 1

ክሊኒኩ ከመሬቱ ጥቂት ደረጃ ከፍ ያለ ሦስት ክፍል ነው። አሮጌ፣ ንጹሕ። የመጠበቂያው ወንበሮች አንድ ዓይነት አይደሉም፣ ሁሉም ግን ተወልውለዋል። ካርድ የምታወጣው ሴትዮ ገና ስታየኝ "የወፍጮ ቤቱ ቅርንጫፍ የት ነው ልትይኝ ባልሆነ!" አለች። በቀን አሥር ሰው እየደወለ ይሰድባታል። ሐኪሙ በስማቸው የሚነግድ ሌላ ሰው ያለ መስሏቸው ፖሊስ ጋ ሊሄዱ እያሰቡ ነበር።

ስልኬን አውጥቼ አሳየኋቸው። ገጾቹን አንድ በአንድ። ነጩን ጽሑፍ በጣቴ ጎትቼ አጠቆርኩት፣ ከምንም ውስጥ ወጣ። መነጽራቸውን አድርገው አነበቡ። ብዙ አነበቡ።

"ይሄን ማን ጻፈው?"

"እኔ።"

ጓንታቸውን ቀስ ብለው አወለቁ፣ አንዱን፣ ከዚያ ሌላውን። ቆሻሻ መጣያው ውስጥ ጣሉ።

"አንቺ ልጅ፣ ሠላሳ ሁለት ዓመት ሰው አፍ ውስጥ ስሠራ እንዲህ ያለ ነገር አልሸተተኝም።"

ስለ እህቴ ነገርኳቸው። ይቅርታ ያስገኝልኛል ብዬ ነበር? ሳይሆን አይቀርም። አላጽናኑኝም። የትኛው ጥርስ እንደሆነ ጠየቁ፣ ማን እንደነቀለው ጠየቁ፣ ትኩሳት እንዳላት ጠየቁ። ከዚያ "ያበላሸሽውን ማስተካከል ታውቂበታለሽ?" አሉኝ።

"አውቅበታለሁ።"

"ታዲያ መጀመሪያውኑ ምን ያዘሽ?"

ኅዳር 2

እትዬ የታጠበ ልብስ እያጣጠፈች ነበር።

"ገጹን የሠራሁት እኔ ነኝ" አልኳት።

"የቱን?"

"የወፍጮ ቤቱን።"

ማጣጠፏን አላቆመችም። "ማሽን ነው አልሽኝ።"

"ዋሸሁሽ።"

"ያን ሁሉ ርካሽ ርካሽ?"

"እሱንም። ነጭ በነጭ ላይ ነው... ማንም አያነበውም ብዬ ነው።"

"እኔ አነበብኩት።"

የእኔን ልብሶች በእጇ እየዳሰሰች ከክምሩ ለየቻቸው። ሳይታጠፉ አልጋዬ ላይ አስቀመጠቻቸው።

ኅዳር 4

ሐኪሙ ማኅተም ያረፈበት ደብዳቤ ሰጡኝ፤ ገጹ የእኔ ነው፣ ቁልፉ፣ የይለፍ ቃሉ፣ ለዚህች ልጅ ይሰጥ ይላል። ለቁጥር አንድ ከማቀበሌ በፊት ስልሳ ሁለቱንም ገጾች አጠፋኋቸው። ማጥፋቱ ከመጻፉ አጠረ።

ደብዳቤውን እያላመጠ አነበበው።

"አሁን አንቺ ንጹሕ ልትሆኚ ነው? ኮዱን እኔ ነኝ የጻፍኩት? አንድ መስመር ጽፌያለሁ?"

አልጻፈም። ይሄ ነው ያንገፈገፈኝ፤ ከአፉ ቅርፊት እየተፋ እውነቱን መናገሩ።

"ውጪልኝ" አለ። እየወጣሁ ነበር። ኪቦርዴን ገልብጬ ጠረጴዛው ላይ አራገፍኩለት። የዓመት ቅርፊት ወረደ።

ኅዳር 9

ሐኪሙ ከመፈለጊያው ጠፉ። ወረዱ አይደለም፣ ጠፉ። ሙሉ ስማቸውን ከነአባታቸው ብጽፍ የለም። ማጭበርበሩ ሳላጠፋው በፊት ተደርሶበት ኖሮ "ገጹ ሕግ ስለጣሰ ከውጤት ወጥቷል" የሚል መልእክት መጥቷል። መጀመሪያ ሲመጡ ቢያንስ ሠላሳኛ ነበሩ።

ካርድ ክፍሉ ጥግ ላይ ትንሽ ጠረጴዛ ተሰጥቶኝ ነው የምሠራው። ካርድ የምታወጣው ሴትዮ ሰላም አትለኝም። መጠበቂያው ባዶ ነው። ሐኪሙ በሽተኛ ወንበሩ ላይ ተቀምጠው ጋዜጣ ያነባሉ፤ መብራቱን አብርተው፣ ለንባብ።

አጽድቼዋለሁ፣ እንደገና እዩልኝ ብዬ ለመፈለጊያው ሰዎች ማመልከቻ ላክሁ።

እትዬ "ጨው አቀብይኝ" አለችኝ። የዛሬው ሙሉ ንግግራችን ነው።

ኅዳር 15

ማመልከቻው ውድቅ ሆነ። ለምን? ሁሉን አጥፍቼ የለ?

የለም። ቁጥር አንድ ከኋላዬ ሊንክ ገዝቶ ኖሯል። ወደ ገጹ የሚጠቁም ሲበዛ መፈለጊያው የታወቀ ሰው ነው ብሎ ስለሚያምን፣ ከየትም ከየትም ሁለት መቶ አሥራ ሰባት ጠቋሚ ሰብስቧል። አንድ በአንድ ከፍቼ ማየት አለብኝ። ባለቤቶቹን አንሱልኝ ብዬ መለመን አለብኝ።

ቁማር። የወንድ ጉልበት ክኒን። በሁለት ቀን ቦርጭ የሚያጠፋ ሻይ። የሞቱ ገጾች፣ ባለቤታቸው ጥሏቸው የሄደ፣ ግርጌያቸው ላይ ይሄ ሁሉ ትል የሚርመሰመስባቸው። ከሰዓት በኋላ አንዱን ስከፍት ራቁቷን የተኛች ልጅ ወጣች። ከእግሯ ሥር በትንንሽ ፊደል "ምርጥ የጥርስ ሐኪም"፣ ከዚያ የሐኪሙ ስም ከነአባታቸው።

ሐኪሙ ከኋላዬ ቆመው ኖሯል።

"ስሜ ነው?"

"ነው።"

ሄደው እጃቸውን ታጠቡ። ውሃው ለረጅም ጊዜ ሲፈስ ሰማሁት። እኔም ተነስቼ ሽንት ቤት ገባሁ፣ ምሳዬን አስመለስኩ።

ኅዳር 16

አርባ አንዱን ጠቋሚ ዛሬ ጨረስኩ። የቀረው አለ።

ኅዳር 21

አዲሱን ገጽ እየሠራሁ ነው። ለየገጹ ርእስ፣ አንድ እውነት የሆነ ርእስ። ስልክ ቁጥሩ ፊደል ሆኖ፣ ሲነኩት የሚደውል። ፎቶዎቹ ቀለሉ። ከየፎቶው ኋላ ምን እንዳለ ጻፍኩ፤ "ሰማያዊ በር ያለው ሕንፃ"፣ "ነጭ ክፍል"።

ማታ እራት ላይ እትዬ ስልኳን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች።

"ሰማያዊ በር ብለሻል።"

ማንኪያዬ አፌ ጋ ቀረ። አሥራ ዘጠኝ ቀን ነው እንዲህ ካናገረችኝ። ስለ ሙከራ ገጹ ማን ነገራት? አድራሻውን ወረቀት ላይ እንኳ አልጻፍኩም... ሐኪሙ ናቸው። መሥሪያ ቤቷ ደውለው ስለ ጥርሷ ሲጠይቋት ነግረዋታል።

"ሰማያዊው ምን ያደርግልኛል?" አለች። "ደረጃ አለው ወይ? መደገፊያ አለው? በየት በኩል? ታክሲው ካወረደኝ በኋላ ቀኝ ልሂድ ግራ?"

"ለአንቺ ብቻ አይደለም እኮ የሚጻፈው..."

"የሚያየውስ ሰው ቢሆን፣ ጥርሱን ሲያመው የበር ቀለም ይፈልጋል?"

አይፈልግም።

"ነጭ ክፍል ደግሞ ምንድን ነው? ሆስፒታል ሁሉ ነጭ ነው ይባላል። ተቀምጠው የሚጠብቁበት ነው? የሚነቀሉበት ነው? እሱን በዪ!" ድምጿ ከፍ አለ። ተቆጣች። ከጨው አቀብይኝ ይሻላል። በጣም ይሻላል። ሳህኑን ገፍቼ ወረቀት አመጣሁ።

አልታረቅንም። ሥራው መጥፎ ስለሆነ ነው የተናገረችው።

ታኅሣሥ 8

ሁለተኛው ማመልከቻ አለፈ፣ ሐኪሙ ወደ መፈለጊያው ተመለሱ። ሦስተኛው ገጽ ላይ፣ ሃያ ስድስተኛ።

ካርድ የምታወጣው ሴትዮ "ማን እዚያ ድረስ ይወርዳል?" አለችኝ። ሰላምታ መሆኑ ነው። ሐኪሙ ስማቸውን ራሳቸው ጽፈው ፈለጉት፣ አገኙት፣ ከሥሩ የተጻፈውን ሁለት መስመር ድምፅ አውጥተው አነበቡ። "ይሄ እኔ ነኝ" አሉ። ስልኩን መለሱልኝ።

ከሰዓት ወፍጮ ቤቱ ጋ ሄድኩ። ጎሚስታው አስታወሰኝ። ካለፈው ወር ወዲህ ስልክ ይዞ የመጣ የለም አለኝ። ሦስቱን፣ ከእህቴ በፊት የመጡትን ጠየቅኩት።

"አንዱ ሽማግሌ ነው። አንዷ ልጅ ያዘለች ናት። አንዱን ረሳሁት።"

"አገኙ? ከዚያ በኋላ ሐኪም አገኙ?"

"እኔ ምን አውቃለሁ፣ እህቴ? እዚህ አይደለም አልኳቸው፣ ሄዱ።"

ልጅ ያዘለች። አመመኝ። ነጭ ያደረግኩትን ጽሑፍ አጥፍቻለሁ፣ ስልሳ ሁለቱንም አጥፍቻለሁ፣ ሴትዮዋ ግን ልጇን አዝላ ያን መንገድ ዞራዋለች። እሱን የማጠፋበት ቦታ የለም። ገና እራሴን ሳየው ይጎፈንነኛል።

ታኅሣሥ 20

አሥራ አራተኛ። ምንም የተለየ አላደረግኩም። ትክክለኛውን ጻፍኩ፣ ጠበቅኩ።

ከጎን ያለው መድኃኒት ቤት የእኔንም ሥሪልኝ አለኝ። ቁጥር አንድ ታደርጊኛለሽ ወይ ሲለኝ አላውቅም አልኩት። ፊቱን አጠቆረ። ማግሥቱን ተመልሶ መጣ።

ጥር 6

መጠበቂያው ውስጥ አራት ሰው ነበር። እኔ ጥጌ ላይ የመድኃኒት ቤቱን ርእሶች እየጻፍኩ ነው። በሩ ተከፈተ፣ አዲስ በትር ቀድሞ ገባ። ከኋላው እትዬ።

እመጣለሁ አላለችኝም። ጠዋት አብረን ቁርስ በልተን የለ እንዴ?

ካርድ የምታወጣው ሴትዮ ተነሳች። "ማን ይዞዎት መጣ?"

"ማንም። ከታክሲው ወርጄ በቀኝ ሰማንያ እርምጃ፣ መደገፊያው በግራ። ስልኬ ላይ ሰምቼ ነው።" ከዚያ ጉንጯን ነካች። "በዚህኛው በኩልም ጀምሮኛል፣ ሳይብስ ልታይ ብዬ።"

ወንበሬ ሲንቋቋ ሰማችኝ።

"አንቺ ነሽ?"

"ነኝ።"

"ደረጃው ሦስት ነው ብለሻል። አራት ነው።"

"ሦስት ነው፣ እትዬ። እኔው ቆጥሬዋለሁ።"

"የበሩ መድረክስ? አሁን የእግሬን ጣት የመታኝ ምን ነበር? በዓይንሽ ነዋ የቆጠርሽው!"

ከተቀመጡት አንዱ ሳቀ። ሐኪሙ በሩ ላይ ብቅ ብለው "ይግቡ፣ ይግቡ" አሏት፣ ክንዳቸውን ሰጧት፣ ገባች።

ገጹን ከፈትኩ። ሦስት የሚለውን አጥፍቼ አራት ብዬ ጻፍኩ። ከመላኬ በፊት ግን ወጣሁ፣ ታች ድረስ ወረድኩ፣ እያንዳንዱን በእግሬ እየነካሁ ተመልሼ ወጣሁ።

አራት ነው።